ዳጉና የዑመር ጎረቤት



ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ጎዳና አዋሽ ሰባት ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ይሄዳል፤ ሁለተኛው ወደ ሰሜን ታጥፎ የአዋሽን ሸለቆ ተከትሎ ወደ ሚሌና ሰመራ ያመራል። ሰሜኑን የያዘ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ አዋሽ አርባን ያገኛል። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይቀርም፤ ሁለት የዐፋር ሰዎች ከግራር ጥላ ሥር ቁጢጥ ብለው፣ ዱላቸውን ከጎናቸው አስተኝተው፣ አንዱ ረጋ ብሎ ሲናገር ሌላው አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እህ… እህ…» እያለ ሲያዳምጥ። ከመኪና ውስጥ ሆኖ ለሚያይ ሥራ ፈትተው የሚጫወቱ ይመስላሉ። ነገሩ ግን ጨዋታ አይደለም፤ ዳጉ ነው።

ዳጉን «ወሬ መለዋወጥ» ብሎ መተርጎም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን «ወሬ» የሚለው ቃል በእኛ አፍ ረክሷልና ክብሩን ዝቅ ያደርግበታል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ቁጭ ብለው ከተለያዩበት ወይም ከመጡበት ጀምሮ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይነጋገራሉ። ዝናብ የት ዘነበ? ሣሩ የት በቀለ? የትኛው ኤላ ውሃ አለው፣ የትኛውስ ደረቀ? ከብት ላይ በሽታ ገብቷል? ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ማን ታረቀ? ገበያው እንዴት ዋለ? ባለፈው ሳምንት የታየው እንግዳ መኪና የማን ነው? ይህ ሁሉ በቅደም ተከተል ይነገራል። ተናጋሪው ሲጨርስ አዳማጩ በተራው የራሱን ይናገራል። ከዚያ ተነሥተው እያንዳንዱ በየመንገዱ ይሄዳል፤ የተቀበለውንም ለሚቀጥለው ያደርሳል። ስልክም መንገድም ባልነበረበት ዘመን የዐፋር ምድር ከዳር እስከ ዳር ዜና የሚሰማው እንዲህ ነበር። ዛሬም ስልኩ ተጨመረ እንጂ ዳጉው አልቀረም።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን ፍጥነቱ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። ዳጉ የሚያወራ ሰው በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ከእገሌ የሰማሁት ነው፣ እገሌም ያየው ነው ወይም እሱም የሰማው ነው ብሎ ለይቶ መናገር አለበት። አዳማጩም ይጠይቃል፤ «አንተ ነህ ያየኸው? መቼ? የት ቆመህ?» ሐሰት ጨምሮ የተገኘ ሰው በጎሳው ፊት ይጠየቃል፣ ይቀጣል። ከቅጣቱም ይልቅ የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ ዳጉው የማይታመን ሰው መሆን ነው። ይህ ጥብቅነት ለምን እንደ መጣ ለመረዳት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ውሃ አለ ተብሎ ከብቱን ሁለት ቀን የነዳ ሰው ደረቅ ኤላ ቢያገኝ የሚያልቅበት ሀብቱ ነው፣ ልጆቹም ጭምር። በግጦሽና በውሃ ምክንያት ጎሳ ከጎሳ በሚጋጭበት አገር ደግሞ «እገሌ ተገደለ» የምትል አንዲት ያልተጣራች ቃል ስንት ሰው እንደምትበላ አላህ ያውቃል።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ወሎ ነው። ለመምህርነት ወደዚህ አገር ስመጣ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ እያስቆሙ «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» ሲሉኝ (ዐፋሮች አማርኛ ሲናገሩ «አንቱ» የሚባል ነገር እምብዛም አያውቁም፤ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው፣ ይህንንም እወድላቸዋለሁ) ጥያቄው እንግዳ አልሆነብኝም። ልጅ ሆኜ ቁርኣን በቀራሁበት መድረሳ ኡስታዛችን አንድ ነገር ሰምተን ስንነግራቸው መጀመሪያ የሚጠይቁን «ማን ነገረህ?» ብለው ነበር። «ሰዎች ይላሉ» ያለ ልጅ ወዲያው ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በገባሁበት የመንግሥት ትምህርት ቤትም የሳይንስ መምህራችን ሌላ ቃል ይጠቀሙ እንጂ የሚሉት ያንኑ ነበር፤ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» እነዚህን ሁለት ትምህርት ቤቶች ጠላቶች አድርገው የሚያወሩ ሰዎች አሉ። እኔ በሁለቱም ተምሬአለሁ፤ በዚህ ነገር ላይ ግን ልዩነታቸው አልታየኝም።

በሐዲስ ኪታቦች ውስጥ ስለ ዳጉ የሚናገር ታሪክ አለ ብል ወዳጆቼ ይስቁ ይሆናል። ነገር ግን በቡኻሪ የዒልም ምዕራፍ ውስጥ የተዘገበውን የዑመር ኢብኑል ኸጣብን (ረ.ዐ.) ታሪክ ተመልከቱ። ዑመር የሚኖሩት ከመዲና ከፍ ባለው የዐዋሊ ሰፈር ነበር። ከአንድ አንሷሪ ጎረቤታቸው ጋር ተራ ገብተው አንድ ቀን እሳቸው፣ አንድ ቀን ጎረቤትየው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ይወርዳሉ። ወርዶ የዋለው ማታ ሲመለስ በዕለቱ የወረደውን ወሕይና ሌላውንም ዜና ላልወረደው ያደርሳል። ሁለቱም ሥራ ያላቸው፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ነበሩና በየቀኑ መውረድ አልቻሉም፤ እንዲህ ተካፍለው ግን አንድም ቀን ሳያመልጣቸው ተማሩ። ሊቃውንቱ ይህን ታሪክ በዒልም መፈራረቅ ለሚለው ርእስ ማስረጃ አድርገውታል።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። አንድ ማታ ጎረቤትየው መጥተው የዑመርን በር በኃይል ደበደቡ። ዑመር ደንግጠው ወጡ። በዚያ ሰሞን የገሳን ንጉሥ መዲናን ሊወጋ ፈረስ እያስጫነ ነው ይባል ስለ ነበር የገሳን ሰዎች መጡ እንዴ ብለው ጠየቁ። ጎረቤትየው ከዚያም የባሰ መምጣቱን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሚስቶቻቸውን መፍታታቸውን ነገሯቸው። ከሚስቶቻቸው አንዷ ሐፍሷ የዑመር ልጅ መሆኗን አትርሱ። ዑመር የሱብሒን ሶላት መስጊድ ሰገዱ። ሐፍሷ ዘንድ ገቡ፤ ስታለቅስ አገኟት። ፈትተውሽ እንደ ሆነ ንገሪኝ ቢሏት አላውቅም አለቻቸው። ወደ መስጊዱ ተመለሱ፤ ሰዎች በሚንበሩ ዙሪያ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ዑመር ግን ከለቅሶው ጋር አልተቀመጡም። ነቢዩ ብቻቸውን ወደ ነበሩበት ሰገነት ሄደው አስፈቀዱ፣ መልስ አጡ፤ ተመለሱ፤ ደግመው ሄዱ፤ በመጨረሻ ተፈቀደላቸው። ገብተው ገና ሳይቀመጡ፣ እንደ ቆሙ፣ ሚስቶቻቸውን ፈትተው እንደ ሆነ ጠየቁ። መልሱ አልፈታሁም የሚል ነበር። ዑመር «አላሁ አክበር» አሉ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በቅርቡ ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። ጎረቤትየው ሐሰተኛ አልነበሩም። ታማኝ ሶሐባ ናቸው፤ ዑመር ዲናቸውን የሚቀበሉት ከእሳቸው ነበር። መዲና ውስጥ የታየው ነገርም እውነት ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሚስቶቻቸው ተለይተው ለብቻቸው ተቀምጠዋል፣ አንድ ወር ላይቀርቧቸው ምለዋል። መፍታታቸውን ግን ማንም አላየም፣ ከእሳቸውም አልሰማም። ሰዎች ያዩትን አይተው የመሰላቸውን ጨመሩበት፤ የታየውና የተገመተው አንድ ላይ ሆኖ እስከ ዐዋሊ ደረሰ። ሙስሊም በዘገቡት ውስጥ ዑመር በሱረቱ ኒሳእ 83ኛው አንቀጽ ከዚህ ጉዳይ ጋር መውረዱን ይናገራሉ። አንቀጹ የደኅንነት ወይም የፍርሃት ዜና በደረሳቸው ጊዜ ወዲያው የሚያሰራጩትን ይወቅሳል፤ ወደ መልእክተኛውና ወደሚያውቁት ባለሥልጣኖች ቢመልሱት ኖሮ አጣርተው የሚያወጡት ሰዎች እውነቱን በደረሱበት ነበር ይላል። አንቀጹ የሐሰት ዜና ብቻ አለማለቱን ልብ በሉ። የደኅንነትም፣ የፍርሃትም ነው ያለው።

እንግዲህ ወደ ክፍሌ ልምጣ። ጠዋት ጠዋት ከትምህርቱ በፊት 10 ደቂቃ ዳጉ እናደርጋለን። ማንኛውም ተማሪ በቅርቡ ያወቀውን አንድ አዲስ ነገር ተነሥቶ ይናገራል። ሌሎቹ በዐፋር ወግ ይጠይቁታል፤ አየህ? ሰማህ? አነበብህ? ከማን? ልጆቹ የሚያመጡትን ብነግራችሁ ትደነቃላችሁ። አንዱ የቋንቋቸውን ስም በላቲን ፊደል ሲጽፉ በ«ቃፍ» ፊደል የሚጀምሩት ለምን እንደ ሆነ ከሰመራ ከመጣ ወንድሙ ሰምቶ አስተማረን፤ ለካስ ያ ፊደል በዐፋርኛ የዐረብኛውን «ዐይን» ድምፅ ይወክላል። የዐረብኛ መምህር ሆኜ ሳለሁ ይህን የነገረኝ የ13 ዓመት ልጅ ነው።

ነገሩ የምር የሆነው ግን በ2017 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት ከመስከረም ጀምሮ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መስከረም 26 እሑድ ማታ አዲስ አበባም ድረስ ተሰምቶ በፎቅ የሚኖሩ ሰዎች ወደ ጎዳና ወጡ። ትንሽ ጋብ ብሎ በታኅሣሥ ባሰበት። አንድ ቀን ብቻ ደጋግሞ ይንጠን ነበር። ታኅሣሥ 26 ከ5 ተኩል በላይ የሆነ፣ የካቲት 7 ዓርብ ሌሊት ደግሞ 6 ገደማ የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር ጉልበቱ 32 እጥፍ ያህል እንደሚጨምር ያን ጊዜ ነው ተማሪዎቼ ያወቁት፤ «ከ5 እስከ 6 አንድ ብቻ ነው» ይል የነበረ ልጅ ከዚያ በኋላ እንዲህ አላለም። በፋንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል የሚኖሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ። እኛ እነዚህን ሁለት ተራሮች በግራ በቀኝ እያየን ነው የምንኖረው።

በዚያ ሰሞን ከመሬቱ ይልቅ ስልኩ ያንቀጠቅጠን ነበር። ከማን እንደ ተነሣ የማይታወቅ የድምፅ መልእክት መጣ፤ ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ይመታል ይላል። ሰዓቱን ሳይቀር! የመሬት መንቀጥቀጥ የት አካባቢ ሊደርስ እንደሚችል ባለሙያዎች ያጠናሉ፤ ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር ግን በዓለም ላይ አንድም የለም። ይህን ብንናገርም የፈራ ሰው አይሰማም። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ጎረቤቴ የ10 ቀን አራስ ነበረች፤ ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ እስከ ፈጅር አቧራ ላይ ተቀመጠች። 9 ሰዓት አለፈ፤ ምንም አልሆነም። በማግስቱ ሌላ መልእክት መጣ፤ ግማሹ ወጣ። በሦስተኛው ሌሊት ማንም አልወጣም፤ መሬቱም የተንቀጠቀጠው የዚያን ሌሊት ነበር። አልሐምዱሊላህ በሰፈራችን ግድግዳ ተሰነጠቀ እንጂ ሰው አልሞተም። ሐሰተኛ ዜና ሰውን ማስፈራቱን ሁሉም ያውቃል፤ ሰውን ከመፍራት የሚያዘናጋውም እሱ መሆኑን ግን ያን ሌሊት አየነው።

ሌላም ነገር ይወራ ነበር። ይህ ቅጣት የመጣው በእነ እገሌ ሰፈር ሰዎች ኃጢአት ነው የሚሉ ተነሡ። ወደ አላህ መመለስ፣ ኢስቲግፋር ማብዛት መቼም ቢሆን ተገቢ ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ይገባዋል። ጣትን ወደ ጎረቤት መቀሰር ግን ሌላ ነገር ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች፤ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ቆጥረው ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ጥር 27 ቀን 632 መሆኑን ያሳዩታል። ሰዎች ለኢብራሂም ሞት ነው የተጋረደችው አሉ። አስቡት፤ ይህ ወሬ ነቢዩን የሚያከብር ወሬ ነበር። ልጃቸውን የቀበሩ አባት ሆነው ሳለ ግን ዝም ብለው አላሳለፉትም። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች መሆናቸውን፣ ለማንም ሞትና ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ፣ ይልቁን ያን ጊዜ ወደ ሶላትና ዱዓ መሮጥ እንደሚገባ አስተማሩ። ይህን ሐዲስ በዚያ ሰሞን ለተማሪዎቼ ስነግር አንዲት ልጅ ቀስ ብላ አለቀሰች። ከተወሩት ሰፈሮች የአንዱ ልጅ ነበረች።

ታኅሣሥ 25 ቀን ደግሞ ዶፈን ተራራ ፈነዳ ተባለ። ስልኮች ሁሉ ቀይ የእሳት ወንዝ በሚያሳይ ቪዲዮ ተሞሉ። ከተማሪዎቼ የአንዱ አጎት ከዚያ ወገን ግመሎቹን አውጥቶ ይመጣ ስለ ነበር ልጁ ዳጉውን ተቀብሎ ነገረን፤ «አጎቴ በዓይኑ አይቷል። መሬቱ ተቀዶ ጭስ ይወጣል፤ ድምፅ አለው፤ ድንጋይና ጭቃ ያነሣል፤ ውሃው ያቃጥላል። እሳት አየህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ እሳት አላየሁም አለ።» ከጓደኞቹ አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ይኸው እሳቱ!» አለ። ልጁም «እሱን ማን አየው?» ብሎ መለሰለት። ከቀናት በኋላ የሥነ ምድር ባለሙያዎች የወጣው እንፋሎት፣ ጋዝ፣ አቧራና ጭቃ እንጂ ቅልጥ ድንጋይ አለመሆኑን ተናገሩ። ማንበብ የማይችለው ግመል ጠባቂ ያየውን ብቻ ነበር የተናገረው፤ የመሰለውን አልጨመረበትም።

ለመሆኑ መሬቱ ምን ሆኖ ነው? ይህንንም በዳጉአችን ለብዙ ቀን ተማማርን። ሳይንቲስቶች እንደሚሉት የዐፋር ምድር ሦስት ታላላቅ የምድር ቅርፊቶች የሚላቀቁበት ቦታ ነው። በእኛ በኩል ያለው ስምጥ ሸለቆ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ከጥፍራችን እድገት ያነሰ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን የቀለጠ ድንጋይ ከሥር ተነሥቶ በስንጥቁ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ይገባና የብዙ ዓመቱን በአንድ ጊዜ ይከፍተዋል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም በሰሜን ዐፋር ደባሁ አካባቢ እንዲህ ሆኖ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ሰፍቷል። በ2017ም በፋንታሌና በዶፈን መካከል የሆነው የዚያ ዓይነት ነገር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችና የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ይህን ያወቁት መሬት ላይ በተተከሉ መሣሪያዎች ብቻ አይደለም። 700 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚዞር ሳተላይት በራዳር ሞገድ መሬቱን ይዳስሳል፤ ከቀናት በኋላ ተመልሶ ሲዳስስ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን አስተያይቶ መሬቱ በስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ያሳያል። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ «እሱም ዳጉ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ሄዶ አይቶ፣ ተመልሶ አይቶ የሚናገር!

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደሰተኝ ግን የአንዲት ተማሪ ዳጉ ነው። አያቷ የሚኖሩት በዐሪ፣ ማለትም ቆልመም ባሉ እንጨቶች ላይ ሰሌን ጣል በሚደረግበት የዐፋር ቤት ውስጥ ነው። «የእኛ የብሎኬት ቤት ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ የአያቴ ዐሪ ተወዛወዘና ቆመ። አይቼዋለሁ» አለች። ቀላልና እጥፍ ዘርጋ የሚል ነገር ከከባድና ደረቅ ነገር ይልቅ መንቀጥቀጥን እንደሚችል መሐንዲሶች ያውቃሉ። የዚያች ልጅ አያት ግን ቤታቸው የድህነት ምልክት ነው ሲባሉ ነው የኖሩት።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ስልክ እንዳይነኩ ከማድረግ ይልቅ እራት ላይ ይህን ብትሞክሩ መልካም ይመስለኛል። ዛሬ ምን አወቅህ? ከማን? «ለ10 ሰው ካላስተላለፍህ መከራ ያገኝሃል» የሚል መልእክት ስመለከት፣ ከዚያም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስም ተለጥፎበት የማንም ያልሆነ ቃል በሐዲስ ስም ሲዞር ስመለከት ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) ትዝ ይሉኛል። እሳቸው አንዲት ሐዲስ ከሰማት ሰው አፍ ለመስማት የአንድ ወር መንገድ ወደ ሻም ተጉዘዋል። እኛ በጣታችን ገፋ አድርገን ለመቶ ሰው እንልካለን፤ የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ከውሸታም እንደማይለይ ተምረን ሳለ።

ባለፈው ኅዳር 14 ቀን 2018 እሑድ፣ ከኤርታሌ በስተደቡብ ያለው ሐይሊ ጉቢ ተራራ ፈነዳ። ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በታሪክ ተመዝግቦ አያውቅም። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን አልፎ ሕንድ ደረሰ፤ የሕንድ አየር መንገዶችም በረራ ሰረዙ። በነጋታው የዚህን ዜና ያመጡት ሦስት ተማሪዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ከስልክ፣ አንዱ ግን በአፍዴራ በኩል ካለች አክስቱ።

«እኔ አላየሁም» ብሎ ጀመረ። «አክስቴ በስልክ ነገረችኝ፤ እሷ አይታለች። ሰማዩ ጨለመ፤ አመዱ ቤቱንም ሣሩንም ሸፈነው። ሰው ደህና ነው። ፍየሎቹ ሣሩን አሽትተው ተዉት።»

«ታዲያ ምን ይበላሉ?» አለችው የዐሪዋ ልጅ።

«እሱን አልሰማሁም» አለ። «ዛሬ ማታ ደውዬ ነገ እነግራችኋለሁ።»